በተመለሰ ደዌ ጊዜ የባልና የሚስት አደራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቤተ ክርስቲያን ባልና ሚስትን በተክሊል አክብራ፥ በቅዱስ ቍርባን አትማ አንድ አካል ስታደርጋቸው ለጤናና ለደስታ ዘመን ብቻ አላጋባቻቸውም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ ባል ሚስቱን የራሱ አካል አድርጎ እንዲያያት ያስተምራል። እግሩን የታመመ ሰው እግሩን ከመንገድ ላይ ትቶ እንደማይሄድ ኹሉ፥ ሚስቱ የታመመችበት ባል፥ ባሏም የታመመባት ሚስት ደዌውን የሌላ ሰው ደዌ አድርገው ሊቈጥሩት አይገባም።

ይህ አደራ በብዙ ዓይነት ይፈተናል። ከፈተናዎቹም አንዱና ጽኑው፥ አንድ ጊዜ ታክሞ የጠፋ የመሰለው የካንሰር ደዌ ተመልሶ ሲመጣ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ገንዘብ ይዋጣል፤ ስእለት ይሳላል፤ ጠያቂው ኹሉ አይዞሽ ይላል። ደዌው በተመለሰ ጊዜ ግን ጥሪት አልቋል፤ ጠያቂም ደክሟል፤ ሕመምተኛዪቱም ለቤቱ ሸክም የኾነች መስሏት ታፍራለች። ባልም «የአምላክ ፈቃድ ነው፤ ከእንግዲህ ምን ይደረጋል» በማለት ድካሙን በመንፈሳዊ ቃል ይሸፍናል። በባሕር ዳርና በጣና ዳር ላሉ ቤተሰቦች ደግሞ ሕክምናው ከአገር ርቆ መሄድን የሚጠይቅ ስለ ኾነ ፈተናው ይበልጥ ይከብዳል። በዚህ ጽሑፍ፥ ጌታችን በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ያስተማረውን መሠረት አድርገን (ሉቃ. 10፥30-37) ይህ አደራ እንዴት እንደሚፈጸም እንመለከታለን።

ከአበው አንዳንዶቹ ይህን ምሳሌ ሲተረጕሙ፥ ቍስለኛው አዳም፥ ሳምራዊው ጌታችን፥ የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፥ ኹለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ናቸው ይላሉ። ይህ ምሥጢር እንደ ተጠበቀ ኾኖ፥ ንባቡ ራሱ ሥራን በተራ ያስተምረናል። ሳምራዊው አዝኖ ብቻ አላለፈም፤ ቀርቦ አየ፤ ቍስሉን በዘይትና በወይን አክሞ አሰረ፤ በራሱ እንስሳ ላይ ጫነው፤ ወደ ማደሪያ አደረሰው፤ ለባለ ማደሪያው ገንዘብ ቈጥሮ አደራ ሰጠ፤ በመጨረሻም ተመልሶ ሲመጣ የተጨመረውን ወጪ ኹሉ ሊከፍል ቃል ገባ። እንግዲህ ርኅራኄ በልብ ይጀመራል እንጂ የሚፈጸመው በሥርዓት ነው። ይልቁንም የመጨረሻውን ነገር እናስተውል፤ ሳምራዊው በጎ ሥራውን በአንድ ቀን አልዘጋውም፤ ወጪው ሊጨምር፥ ድካሙም ሊደገም እንደሚችል ዐውቆ አስቀድሞ ራሱን ባለ ዕዳ አደረገ። ደዌው ለተመለሰበት ቤት ትምህርቱ ያለው በዚህ ላይ ነው።

1ኛ፤ ቀርቦ ስለ ማየት

ቀድሞ ነቀርሳ ይባል የነበረው፥ ዛሬም ካንሰር የምንለው ደዌ፥ የሰውነት ሕዋሳት ከተፈጥሮ ሥርዓታቸው ወጥተው ያለ ልክ ሲባዙ የሚመጣ ነው። እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ቢወጣም፥ በመድኃኒትና በጨረር ቢመታም፥ በመሣሪያ የማይታዩ ጥቂት ሕዋሳት ተሰውረው ሊቀሩ ይችላሉ። እነዚህም ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በቀድሞው ስፍራ፥ ወይም በአጥንት፥ በሳንባ፥ በጕበት፥ በአንጎል አድገው ይታያሉ። ስለዚህ የደዌው መመለስ የእምነት ጕድለት ምልክት አይደለም፤ ጸሎቱና ስእለቱም ከንቱ ነበር አያሰኝም። ደቀ መዛሙርት ዕውር ኾኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአተኛው ማን እንደ ኾነ በጠየቁ ጊዜ፥ ጌታችን በሰውዬውም በወላጆቹም ላይ አላሳበበም (ዮሐ. 9፥1-3)። ጐረቤትም «ምን በድላ ይኾን» ከማለት ይቈጠብ። ካንሰር ከሰው ወደ ሰው በመተንፈስ፥ አብሮ በመብላት ወይም አብሮ በመተኛት የሚጋባ ስላልኾነ፥ መኝታ መለየትና የምግብ ዕቃ መለየት ሕመምተኛን ማሳዘን ብቻ ነው።

ተመልሶ የመጣ ደዌ ኹሉ ተስፋ የለውም ማለትም ስሕተት ነው። አንዳንዱ በቀድሞው ስፍራ ብቻ ሲመለስ ዳግመኛ ታክሞ ሊድን ይችላል፤ አንዳንዱ ፈጽሞ ባይጠፋም በመድኃኒት ተገትቶ ብዙ ጊዜ ያኖራል፤ አንዳንዱ ግን ሥቃዩን ከማስታገስ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ይህን የሚለየው ምርመራ ነው እንጂ ግምት አይደለም። ስለዚህ ቀድሞ የታከመ ሰው አዲስ እብጠት፥ የማይለቅ የአጥንት ሕመም፥ የማይተው ሳል፥ ያልተለመደ የደም መፍሰስ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ቢያይ፥ የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ ሳይጠብቅ ወደ ሐኪሙ ይሂድ። የትዳር ጓደኛ የመጀመሪያ አደራ ይህን ምልክት አይቶ አለመደበቅ ነው።

2ኛ፤ ስለ ዘይቱና ስለ ወይኑ

ዘይትና ወይን በዚያ ዘመን የቍስል መድኃኒቶች ነበሩ። ጌታችን የምሕረትን ሥራ ሲያስተምር መድኃኒትን ከምሳሌው አላወጣም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪም ሊከበር እንደሚገባውና መድኃኒትም ከእግዚአብሔር የተገኘ መኾኑን ይናገራል፤ በዚያው ስፍራም በሽተኛው እንዲጸልይ ያዝዛል። ንጉሡ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ አልቅሶ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም 15 ዓመት ጨመረለት፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ከዚህ ጋር የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (ኢሳ. 38)። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር (ቈላ. 4፥14)። ታላቁ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሳርያ ከተማ ዳር ለሕመምተኞች፥ ለድኾችና ለእንግዶች ታላቅ ማደሪያ ሠርቶ ሐኪሞችን አኑሮበት ነበር።

በዘመናችንም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ሲናገሩ፥ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ስለ ኾኑ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም ገልጸዋል። ይህ ቃል ለካንሰር ሕመምተኛም ያገለግላል። ጠበል እጠመቃለሁ ብሎ የታዘዘውን መድኃኒት ማቋረጥ ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችው ሥርዓት አይደለም። ሕክምናው ለ3 እና ለ4 ወር ሲቋረጥ ደዌው ጊዜ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውም ሐዘን በጠበሉ ላይ ይሳበባል፤ ይህ ደግሞ ለእምነታችን ነቀፋ ነው።

አንድ ነገር ግን ካህናትም ምእመናንም እንዲያውቁት ይገባል። ኬሞቴራፒ የሚባለው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመምተኛ፥ በሽታን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ስለሚያንሱበት በቀላሉ በሌላ በሽታ ይያዛል። በዚህ ጊዜ በብርድ ውኃ ብዙ መቈየት፥ ከብዙ ሰው ጋር መጋፋት፥ ያልፈላ ውኃ መጠጣትም ይጐዳዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ካህኑ በጸሎት፥ በመስቀል በመባረክና በቅብዐ ቅዱስ ቢረዳው በቂ ነው፤ ምሥጢረ ቀንዲል ለሕሙማን የተሠራ ምሥጢር መኾኑን የሐዋርያው ያዕቆብ መልእክት ያስረዳል (ያዕ. 5፥14-15)። ስለ ጾምም፥ ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ሲደነግግ ሕመምተኛን በአቅሙ ያያልና፥ የንስሐ አባት ሐኪሙ ያዘዘውን ምግብ በጊዜው ይፍቀድለት። ሕመምተኛው ራሱ እስኪጠይቅ ድረስ መጠበቅ አይገባም፤ ብዙዎች ለመጠየቅ ያፍራሉና።

3ኛ፤ እውነትን በፍቅር ስለ መናገር

በአገራችን መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ሰው ተዘጋጅቶ፥ ዘመድ ተሰብስቦ በሥርዓት ይነገራል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ከዚህ ልማድ ተነሥተን፥ ደዌው የተመለሰበትን ሰው ደዌውን ፈጽሞ ስንደብቀው አደራችንን እናፈርሳለን። «ጨጓራ ነው፤ ብርድ ነው» እየተባለ የሚሄድ ሕመምተኛ ስለ ራሱ ሕክምና ፈቃዱን ሊሰጥ አይችልም፤ ንስሐ ሊገባ፥ ሊቈርብ፥ ኑዛዜውን ሊያደርግ፥ ከተጣላው ሊታረቅ ጊዜ አያገኝም። በሆስፒታሉ የካንሰር ክፍል ተሰልፎ ሲቀመጥም እውነቱን ከእንግዳ ሰው አፍ ይሰማል፤ ያን ጊዜ በትዳር ጓደኛው ላይ ያለው እምነት ይሰበራል።

ስለዚህ በሚችለው መጠን፥ በረጋ ሰዓት፥ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሚወደው ዘመድ ጋር ይነገረው። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግም ይጠየቅ። ልጆችም እንደ ዕድሜያቸው ይነገራቸው፤ ዝምታው ከእውነቱ ይልቅ ያስፈራቸዋልና።

4ኛ፤ በራሱ እንስሳ ላይ ስለ መጫን

ሳምራዊው ቍስለኛውን በራሱ እንስሳ ላይ ሲጭን እርሱ በእግሩ ለመሄድ ፈቀደ ማለት ነው። በጣና ዳር ይህ ጭነት ከባሕሩ ይጀምራል። የደቅ ደሴት ሰው ወይም የዘጌ ሰው ሲታመም በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ይሻገራል፤ ከዚያም ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይሄዳል። የኬሞቴራፒ ሕክምና በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይሰጣል። የጨረር ሕክምና ግን ለረጅም ዘመን በኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ እርሱም የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማም ተጀምሯል። ወረፋው ረጅም ስለ ኾነ፥ ከመነሣት በፊት የትኛው ሆስፒታል ቀድሞ ሊቀበል እንደሚችል በዚህ ያለውን ሐኪም መጠየቅ ይገባል።

ከመንገድ በፊት የሚዘጋጁት ነገሮች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፥ የሪፈር ወረቀት ነው፤ ያለ እርሱ በቀጥታ የሄደ ሰው በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተመዘገበ ቢኾን እንኳ ወጪው ላይሸፈንለት ይችላል። ኹለተኛ፥ የመጀመሪያው የናሙና ምርመራ ውጤት፥ ቀዶ ሕክምና የተደረገበት ቀንና ዓይነት፥ የተሰጠው መድኃኒት ስምና ስንት ዙር እንደ ተሰጠ፥ የተሰጠው የጨረር መጠንና የተሰጠበት የሰውነት ክፍል በወረቀት ይኑር። ዳግመኛ በመጣ ደዌ ላይ ሐኪሙ የሚወስነው ቀድሞ የተደረገውን አይቶ ነው፤ አንድ የሰውነት ክፍል የሚሸከመው ጨረር፥ ልብም የሚችለው የአንዳንድ መድኃኒት መጠን ልክ አላቸውና። ሦስተኛ፥ የድሮና የአኹን የራጅ፥ የሲቲ ስካንና የአልትራሳውንድ ምስሎች ይሰብሰቡ። ይህን ኹሉ በአንድ ደብተርና በአንድ ኪስ አድርጎ፥ ቅጁን በቤት ማኖር ነው። ብዙ ድኻ ቤተሰብ አንድ ወረቀት በመርሳቱ 500 ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ መንገድ ዳግመኛ ይመላለሳል።

መንገዱም ይታሰብ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የዓባይ በረሓ ጠመዝማዛ ቍልቍለትና ዳገት አለበት። አጥንቱ ለታመመበት ወይም ለሚያስመልሰው ሰው ይህ ከባድ ስለ ኾነ፥ ለመንገድ የሚኾን የሥቃይ ማስታገሻና የማስመለስ መድኃኒት ከሐኪሙ ይቀበል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭቱ ከበረታ ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፥ ከቀጠሮው ቀን ቀደም ብሎ መነሣት፥ የሚቻለውም በአውሮፕላን መሄድ ይሻላል። መንገድ ተዘግቶ ቀጠሮ ቢያልፍ ለሆስፒታሉ በስልክ አስታውቆ ሌላ ቀጠሮ መያዝ ነው እንጂ፥ «አለፈብኝ» ብሎ መቅረት አይገባም።

5ኛ፤ ስለ ማደሪያው

ጨረር ብዙውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፥ ለብዙ ሳምንታት ይሰጣል። ኬሞቴራፒም ብዙ ጊዜ በየ3 ሳምንቱ ይደጋገማል። ስለዚህ የማደሪያው ነገር የሕክምናው አካል ነው። ብዙ ሰው መድኃኒቱን አግኝቶ ማደሪያ በማጣቱ ሕክምናውን ጀምሮ ይተዋል። ዘመድ ቤት የሚያርፍ ሰው ለስንት ቀን እንደሚቈይ አስቀድሞ በግልጽ ይናገር፤ ለ3 ቀን እንግዳ የተዘጋጀ ቤት ለ6 ሳምንት እንግዳ ሲኾን ፍቅር ይደክማልና። ዘመድ የሌለውም ይጠይቅ። አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸው ማቲዎስ በደም ካንሰር ካረፈ በኋላ በ1996 ዓ.ም. ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ችግረኛ ሕመምተኞች ማረፊያ በመስጠት ይረዳል። አንድ አባት የራሱን ሐዘን ለብዙዎች ማደሪያ ማድረጉ ታላቅ ምሳሌ ነው። የአዲስ አበባ አድባራት ሰበካ ጉባኤያትም በቅጥራቸው ካለው ቤት አንድ ክፍል ለእንዲህ ያሉ እንግዶች ቢለዩ የባስልዮስን ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

አስታማሚውም ሰው ነው። ባል ሥራውን ትቶ፥ ልጆቹን በአያት ወይም በክርስትና እናት ዘንድ ትቶ ወራት ሲቀመጥ እርሱም ይታመማል። ዘመዶች በየ2 ሳምንቱ ይተካኩ። ሳምራዊው ራሱ ኹሉን አልሠራም፤ ባለ ማደሪያውን ረዳት አድርጎ አደራ ሰጥቶ ሄደ። አደራ ማካፈል አደራ መጣል አይደለም።

ደግሞ ሕመምተኛዪቱ በሕክምናው መካከል ወደ ባሕር ዳር ብትመለስ፥ ሙቀቷ ከ38 ዲግሪ ቢበልጥ ወይም ብርድ ብርድ ቢላት፥ በዚያው ቀን በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ትሂድ። ኬሞቴራፒ ለሚወስድ ሰው ትኵሳት ሊታደር የሚገባው ነገር አይደለም። የወረቀቶቿ ቅጅ በቤት መኖሩ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው።

6ኛ፤ ስለ ኹለቱ ዲናር

ሳምራዊው ገንዘቡን ቈጥሮ ሰጠ። ቅዱስ ማርቆስ በ5ኛው ምዕራፍ 12 ዓመት ደም ይፈሳት የነበረችው ሴት ያላትን ኹሉ ለባለ መድኃኒቶች ከስክሳ እንዳልተጠቀመች ይጽፋል፤ ስለዚህ ወጪ በማስተዋል ይኹን። ቤትና መሬት ሸጦ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ከማሰብ በፊት ሐኪሙ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፤ ይህ ሕክምና ለማዳን ነው፥ ዕድሜ ለማቈየት ነው፥ ወይስ ሥቃይ ለማስታገስ? በአገር ውስጥ ይገኛልን? ካልተደረገስ ምን ይኾናል? መልሱን ሰምቶ ባልና ሚስት በአንድነት ይወስኑ። የሐኪሞች ቦርድ ሳይመክርበት፥ በደላላ ቃል ብቻ የሚሸጥ ቤት ልጆችን ሜዳ ላይ ይጥላል።

በዚህ ነገር ማኅበራችንም ይጠየቃል። ዕድሮቻችን ለቀብር ድንኳን ይተክላሉ፥ ለሐዘንተኛው ገንዘብ ይሰጣሉ፤ በሕይወት ላለችው ሕመምተኛ ግን ብዙዎቹ አንድ ብር የሚያወጡበት ደንብ የላቸውም። ለሞተ ሰው የሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ በሕይወት ሳለ ለመንገድና ለማደሪያ ቢወጣ ምን ነውር አለው? የሰንበቴና የጽዋ ማኅበራትም ደንባቸውን አሻሽለው፥ ለሩቅ አገር ሕክምና የሚኾን ሣጥን ቢያቋቍሙ፥ ይልቁንም ደዌው ለተመለሰበት ሰው ዳግመኛ ሳይሰለቹ ቢሰጡ፥ ታምሜ ጠይቃችሁኛል የሚለውን የክርስቶስን ምስጋና ይቀበላሉ።

7ኛ፤ ስለ መመለስ

ሕክምናው ደዌውን የማያሸንፍበት፥ ሐኪሙም ከዚህ በኋላ መድኃኒቱ ከሚጠቅም ይልቅ ይጐዳል የሚልበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ወደ አገር መመለስ ሽንፈት አይደለም፤ ሕመምተኛን መተውም አይደለም። ሥቃይን ማስታገስ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። ለጽኑ የካንሰር ሥቃይ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ይሰጣል፤ ሱሰኛ ያደርጋታል ብሎ መከልከል በከንቱ ማሠቃየት ነው። ሆድ ስለሚያደርቅም የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። በዚህ ጊዜ ባል ውኃ ማቅረብ፥ ጎን ማገላበጥ፥ አፍ ማርጠብ፥ ሌሊት አጠገቧ መቀመጥ ከኹሉ የሚበልጥ አገልግሎት ይኾንለታል። ካህኑም ሥጋ ወደሙን ወደ ቤት ይዞ ለመሄድ አይዘግይ።

እንግዲህ የትዳር ጓደኛ ፍቅር የሚታወቀው ደዌው በመጀመሪያ ሲመጣ አይደለም፤ ያን ጊዜ ሌላውም ሰው ያዝናል። የሚታወቀው ደዌው በኹለተኛውና በሦስተኛው ጊዜ ሲመለስ እርሱም አብሮ ሲመለስ ነው። ካህኑና ሌዋዊውም ቍስለኛውን አይተውት ነበር፤ ከእነርሱ የተለየው ያ ሰው ግን ያየውን ተሸክሞ ሄደ፥ ደግሞ ተመልሶ እንደሚመጣ ቃል ሰጠ። ጌታችንም ሕግ ዐዋቂውን ሂድና እንዲሁ አድርግ ብሎ አሰናበተው እንጂ በዕውቀቱ ብቻ አላመሰገነውም። ዛሬም ሕመምተኛ ያለበት ቤት ይህን የሚያነብ ሰው፥ ነገ ጧት ወረቀቶቹን መሰብሰብ፥ የሪፈሩን ጕዳይ መጠየቅ፥ የሚያሳርፋቸውን ዘመድ በስልክ ማነጋገር ይጀምር። ሕመምተኛ የሌለበትም፥ ከጐረቤቱ ደዌው የተመለሰበትን አስቦ፥ መጠየቁን ካቆመበት ቀን ጀምሮ የቈየውን ዕዳ ይክፈል።

ደዌን ኹሉ የሚፈውስ አምላካችን ሕሙማንን ይማርልን፤ አስታማሚዎችን ያበርታልን፤ ለሐኪሞች ጥበብን ያድልልን፤ በመንገድና በባሕር ያሉትን በሰላም ያድርስልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱሳን ኹሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።